መቶ ወይስ አራት መቶ፦ ለአንዲት ሕፃን ፊት የተመረጠ ፊልም

ከክፍላችን ልጆች ቡሬ ድረስ ሄዶ የመጣ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ላይ ምዕራብ ጎጃም አንድ መስመር ነው፤ በቆሎ፣ ጤፍ፣ አራት ነጥብ። እኔ ግን ያየሁትን በአንድ መስመር ጨርሺው ብባል ያመኛል። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር። መነሻው ደግሞ መንገድ ሳይሆን ፍሪጅ ነው።

ረቡዕ

እናቴ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። አባቷ፣ ማለትም አያቴ አባባ ይስማው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሕፃን ክርስትና ሲነሳ አንድ ፎቶ ይነሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕፃኑ ከዓይን ይጠበቅ ተብሎ፣ ከቤተሰብ በቀር ፊቱን የሚያይ የለም። ተጠምቆ ሲወጣ የክርስትና እናቱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ሽፋኑን ትገልጣለች። አባባ የሚያነሱት ያቺን ሰዓት ነው። ፎቶው ታጥቦ በወረቀት ይወጣና አባባ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር ይሰቀላል።

አሁን ግን የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል። ቡሬ አጠገብ ገጠር ያገባችው አክስቴ እናትነሽ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው ሲቃረብ አባባ ለእናቴ ደወሉ።

"ያቺ ፎቶ እወዳለሁ የምትለው ልጅሽ ትምጣ። ካሜራው እኔ ጋ አለ። ፊልም ግን እዚህ ጠፍቷል፤ መርጣ ይዛ ትምጣ።"

"መርጣ" የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። እኔ የማውቀው በስልክ ማንሳት ነው፤ በስልክ ደግሞ የሚመረጥ ነገር የለም። መሃል ከተማ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት አለ ተብሎ ከእናቴ ጋር ሄድን። ባለቤቱ ጋሽ በየነ ፍሪጃቸውን ከፍተው፣ ከሎሚና ከውሃ ጠርሙስ መሃል ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮዎች አወጡ።

"የቀሩኝ እነዚህ ናቸው" አሉ። "ሁለቱም ባለ ቀለም ናቸው። ይሄ መቶ፣ ይሄ አራት መቶ።"

ቁጥሩ ፊልሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚፈልግ ነው የሚናገረው። መቶው ፀሐይ ይወዳል፤ ፀሐይ ካገኘ ቀለሙ ይደምቃል፣ የሰው ፊት እንደ ሐር ይለሰልሳል። አራት መቶው በትንሽ ብርሃን ይሠራል፣ ግን ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ነገር ይበትናል። የአባባ ካሜራ ፍላሽ ከሞተ ቆይቷል፣ ካሜራ ማቆሚያም የለንም። በእጄ ይዤ ነው የማነሳው። እጅ ደግሞ ብርሃን ሲያንስ ፎቶውን ያወዛውዘዋል።

"ታዲያ የቱ ይሻለኛል?" አልኳቸው።

"እኔ እዚያ አለሁ እንዴ? ብርሃኑን የምታይው አንቺ ነሽ።" ትንሽ አሰቡና ሁለቱንም በየፕላስቲክ ዕቃቸው ከተው ሰጡኝ። "የተጠቀምሽበትን ትከፍይኛለሽ፣ ያልነካሽውን ትመልሺልኛለሽ። ብቻ ሙቀት እንዳያገኘው። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪው።"

"ቀዝቃዛ ቦታ" የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ፊልሞቹን ምሳ ዕቃ ውስጥ ጨምሬ፣ ምሳ ዕቃውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። አጠገባችን የተቀመጡ እናት በዓይናቸው ሲለኩኝ ቆዩና አላስቻላቸውም።

"ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የታቀፍሽው?"

"ፊልም ነው እማማ።"

"ቴሌቪዥን ላይ የምናየው?"

"አይ፣ ፎቶ የሚነሳበት።"

"እኔስ ጫጩት መስሎኝ! ይተነፍስ እንደሁ ብዬ ነው እኮ ሳይሽ የነበረው" አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስንጀምር አውቶብሱ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ሁሉ ቀጥ አለ። እኛ ሰፈር፣ ሳሪስ፣ ሰማይ ማለት በሁለት ፎቅ መሃል የቀረች ቁራጭ ናት። እዚህ ሰማዩ ከላይ አልበቃው ብሎ ከእግራችን በታችም አለ። ደመናው ገደሉ ውስጥ ተኝቷል። ጫፍ ጫፉ ላይ ፀሐይ ስታርፍበት ማን ያበራዋል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እማማ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም፣ እጄ ራሱ ነው የሄደው።

"ይሄ የመቶ ብርሃን ነው" አልኳት ለእናቴ።

"ብርሃንም ቁጥር አወጡለት?" አለችኝ።

ከደጀን በኋላ ሌላ ዓለም ነው። ሜዳው አያልቅም፤ አረንጓዴውም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስም ያልወጣላቸው አረንጓዴዎች አሉ። ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡ ይመጣል፣ ያቆማል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትደበቃለች። እናቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ እንጂ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን ስንነሳ እሷም ለምዳዋለች። "መቶ!" ትላለች መስኮቱን እያየች፤ ትንሽ ቆይታ "ኧረ አራት መቶ ሆነ" ትላለች። ሐሳቤን ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ አልነግራችሁም።

ደምበጫ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ዝናቡ ደግሞ ያንን ሰዓት ጠብቆ ወረደ። መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ አንድ እናት "ምነው ልጆቼ ዝናብ ይምታችሁ? ኑ ግቡ እንጂ!" ብለው ግማሹን አውቶብስ ቤታቸው አስገቡት። እኛ ሰፈር ዝናብ ሲመጣ ሱቅ በር ላይ ብትጠጉ "መንገድ ልቀቁ" ነው የምትባሉት። እኚህ ሴት ግን ለሽያጭ የቀቀሉትን ድንች በጨውና በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እናቴ ብር ስታወጣ "እንግዳ አይደላችሁ?" ብለው ተቆጧት።

ቤቱ መስኮት የለውም። የማየው የሴትዮዋን እጅና የድንቹን እንፋሎት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ግን ልክ እንደዚያ እንዳልኩ ፊልሞቹ ትዝ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ቢጨልም መቶው ፊልም ምን ይውጠዋል?

ፍኖተ ሰላም የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አባባ ዣንጥላ ይዘው መናኸሪያው ላይ ቆመዋል። ረጅም ናቸው፤ ጋቢያቸው ነጭ፣ ጆሯቸው ትልቅ። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል አነሱኝና ግራና ቀኝ ሳሙኝ። ስለ መንገዱ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ፊልሙስ?" አሉ።

ዓርብ

ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ሕፃናት። እናቴ በጥቁርና ነጭ አለች፤ ፊቷ ተጨማዶ የተቆጣች ሽማግሌ ትመስላለች። አክስቴ እናትነሽ አለች። እኔም አለሁ! እዚሁ ነው ክርስትና የተነሳሁት፤ ከዚያ ወዲህ ስመጣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ቀለሜ ከመቆየት ብዛት ተቀይሮ ከብርቱካን የተሠራሁ መስያለሁ። ከኔ ቀጥሎ ባዶ ምስማር አለ።

"ይሄስ አባባ?"

"የእናትነሽ የመጀመሪያ ልጅ፣ የቤዛ ነው። ያኔ እጄ እንቢ ሲለኝ በስልክ ይነሳ ተባለ። ስልኩ ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ ውስጥ ገባ።" ግን ሌላው ክፈፍ ሁሉ ትንሽ ትንሽ አቧራ ሲኖረው ያ ምስማር ላይ አቧራ አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ነው የገባኝ፤ ሁለተኛ ባዶ ምስማር ከመጣ ምክንያቱ እኔ ነኝ።

"እርስዎስ የትኛው ላይ አሉ?"

"እኔማ ከካሜራው ጀርባ ነኛ።"

ሽሯችንን በልተን ግቢ ወጣን። ካሜራው ከስልክ ጋር ሲነጻጸር ድንጋይ ነው። በውስጡ ስታዩ ለብርሃኑ የሚስማማውን ፍጥነት የምታሳይ ቀጭን መርፌ አለች። አባባ ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣበቁልኝ፣ እግሬን አስተካከሉልኝ፣ አተነፋፈስ ሁሉ አስተማሩኝ።

"ይቺ ቁጥር ፍጥነት ናት" አሉ ከላይ ያለውን የሚዞር ቁልፍ እያሳዩኝ። "ስልሳ ማለት አንድን ሰከንድ ስልሳ ቦታ ከፍለሽ አንዷን መውሰድ ነው። በእጅሽ ይዘሽ ከስልሳ በታች አትውረጂ። ከስልሳ በታች ካሜራው የልብሽን ምት ጭምር ያነሳዋል።"

ቀኑን ሙሉ በባዶ ካሜራ ዶሮ፣ አጥር፣ ጎረቤት ሳነሳ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የፊልሙ ነገር መጣ።

"መቶ ነው" አሉ አባባ፣ አለቀ በሚል ድምፅ። "እኔ ዕድሜዬን በመቶ ነው ያነሳሁት። አራት መቶ እኮ የልጅን ፊት ጤፍ የተበተነበት ያስመስለዋል።"

"ቢጨልምስ አባባ?"

"አይጨልምም። እኔ ባነሳሁበት ቀን ጨልሞ አያውቅም።"

ቀና ብዬ ሳይ ደመናው የቤቱ ቆርቆሮ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። እናቴ በዓይኗ "ዝም በይ" አለችኝ።

ቅዳሜ

በሚኒባስ ቡሬ ገባን። ከተማዋ በቆሎ በጫኑ መኪኖችና በባጃጅ ተጨናንቃለች። ከዚያ ወዲያ ጋሪ፣ ከጋሪው ወዲያ ደግሞ ጭቃ። የሳሪስ ጭቃ ጫማ ያበላሻል፤ የቡሬ ጭቃ ጫማውን ይወስደዋል። አንድ እግሬ ባዶውን ሲወጣ የአክስቴ ባል አያ በላይ ክንዱን እስከ ክርኑ ከቶ ጫማዬን ጎትቶ አወጣልኝ።

"መሬቱ ወዶሽ ነው፤ ሊያስቀርሽ ፈልጎ" አለኝ።

አባባን ሊደግፏቸው ሲሉ "እኔን ተዉኝና ካሜራውን ያዙ!" ብለው ጮኹ።

መንገዱ በበቆሎ መሃል ነው፤ በቆሎው ከኔ ይረዝማል። ጉሙ ሲመጣ በቆሎው ይጠፋል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ሰው ዓለምን እየሸፈነ የሚገልጣት ነው የሚመስለው። ቆሜ ቀረሁ፤ እናቴ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ነው የወሰደችኝ።

ቤት ስንደርስ የአያ በላይ እናት፣ እማማ የኔነሽ፣ ለብ ያለ ውሃ ይዘው ወጡና እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። እኔን! ያለ ሥራዬ! እግሬን ስሰበስብ እናቴ "ተይ፣ እንቢ አይባልም" ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እማማ የኔነሽ አገው ናቸው። ከእህታቸው ከእማማ ጠጂቱ ጋር በአገውኛ እየተሳሳቁ፣ ለእኛ በአማርኛ እየተረጎሙ በጣቶቼ መካከል ያለውን ጭቃ ሁሉ አጠቡልኝ። የሕፃኗ የክርስትና እናት የምትሆነው እማማ ጠጂቱ ናቸው። አክስቴ ግን ከመጋረጃ ወዲያ ናት፤ የሕፃኗን ድምፅ ሰማሁ እንጂ ፊቷን አላየሁም። "ነገ፣ ከሰው ጋር" ተባልኩ።

እራት ላይ ምሳ ዕቃዬን አቅፌ መቀመጤን እማማ የኔነሽ አዩ።

"ሙቀት እንዳያገኘው ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ተብዬ" አልኳቸው።

"እሱማ ለእኔ ተይው" ብለው ሁለቱን ዕቃዎች ወስደው ወደ ጓዳ ገቡ። ከእሳት ርቀው፣ ደህና ሰው እጅ ገቡ ብዬ በሰላም ተኛሁ።

እሑድ

"እማማ፣ ፊልሞቹስ?" አልኳቸው ጠዋት፣ ካሜራውን ከፍቼ።

"ጎታ ውስጥ ናቸዋ።"

"የምን ጎታ?"

"የጤፉ! ከሱ የሚቀዘቅዝና የሚደርቅ ቦታ ከየት ይመጣል? እስከ ታች ነው የቀበርኩልሽ።"

ጎታ ከጭቃ የተሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው፤ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ክረምት ስለሆነ እህሉ ወደ ግማሽ ወርዷል። አያ በላይ ከወገቤ ያዘኝና ጭንቅላቴን ወደ ታች አድርጌ ገባሁ። ጤፍ ውስጥ እጅ መክተት ውሃ ውስጥ እንደመክተት ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል። አንዱን አገኘሁና ብቅ አልኩ። አባባ ተቀብለው ክዳኑን ከፈቱ።

"መቶ!" አሉ፣ ፊታቸው በራ። "በቃ፣ ራሱ መረጠ።"

በበሩ አሻግሬ ሰማዩን አየሁት። አመድ ነው። የደምበጫዋ ሴትዮ ቤት ትዝ አለኝ፤ እጅና እንፋሎት ብቻ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አራት መቶውን ልፈልገው።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባባ መቶውን ትንሽ አገላበጡት።

"የምታነሺው አንቺ ነሽ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ተመልሼ ገባሁ፤ አሁን እስከ ትከሻዬ። እስካገኘው ድረስ የነበረው ጊዜ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ካለው መንገድ ይረዝማል። አግኝቼ፣ እጄን አራግፌ፣ ካሜራው ውስጥ ስከተው አንዲት የጤፍ ፍሬ ከእጅጌዬ ወደቀች። እፍ አልኳት። አባባ አላዩኝም፤ ወይም ያላዩ መሰሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ነው የሚታየው፤ እዚህ መጀመሪያ የምትሰሙት ነው። ዛፎቹ መሃል ስትገቡ ዜማው ከግንዱ፣ ከቅጠሉ፣ ከመሬቱ የሚወጣ ይመስላል። ጠብታ ከቅርንጫፍ ይወርዳል፤ ከሁለቱ በቀር የሚሰማ የለም። ድምፄን አሰማለሁ ብዬ ፈርቼ ጭቃውን ቀስ ብዬ ነው የረገጥኩት። ሕፃኗ ስትጠመቅ ከውስጥ ጮኸች፣ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ቅዳሴው አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ካፊያ ጀመረ።

እማማ ጠጂቱ ሕፃኗን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው አንዱ አዲስ ዣንጥላ ዘረጋ፤ ቀይ፣ ክፉኛ ቀይ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አመጣሁ፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። መርፌዋ ወረደች፣ ወረደች፣ አሥራ አምስት ላይ ቆመች።

"አሥራ አምስት" አልኩ፣ ለማንም አይደለም።

አባባ ሰሙ። መቶው ፊልም ቢሆን ኖሮ መርፌዋ አራት ላይ ትደርስ ነበር፤ ያም ማለት ፎቶ የለም ማለት ነው። ግን አሥራ አምስትም ከስልሳ በታች ነው። "ዣንጥላውን ትንሽ ከፍ..." ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ "ኧረ በፍጹም!" አሉ። ሕፃኗ ሜሮን ተቀብታለች፤ በዚያ ቀን ውሃ አይነካትም፣ ዝናብም ቢሆን። እማማ ጠጂቱ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አድርገዋል። ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣበቅኩ። ያ ባዶ ምስማር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ አባባ ከፊቴ መጥተው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዱላቸውን በሁለት እጅ ይዘው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ።

"ትከሻዬ ላይ አድርጊው።"

"አባባ—"

"የሚንቀጠቀጠው እጄ ነው እንጂ ትከሻዬ አይደለም። ትንፋሼን ይዤልሻለሁ፤ ቶሎ በይ!"

ክርኖቼን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። በጋቢው ሥር አጥንታቸው ተሰማኝ፤ ግድግዳ ነው። እማማ ጠጂቱ ገለጡ። ቀዩ ብርሃን ትንሿ ፊት ላይ ፈሰሰ፤ ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ከፈተች፣ ቀጥታ ወደኛ። ተጫንኩ። ጠቅ!

አባባ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እልልታው ያኔ ነው የመጣው። ሲነሱ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ "አሥራ አምስት" ይላሉ፣ "አሥራ አምስት!"

ሰዎቹ ሁሉ ከበቡኝ። "እስቲ አሳዪን!" ካሜራውን ገልብጠው ጀርባውን አዩት፤ ጥቁር ነው። "የታለ?" "ገና ነው፣ ይታጠባል።" "ታዲያ ለማን ነው የሚያሳየው?" ሲሉ፣ የአክስቴ ትልቋ፣ አራት ዓመቷ ቤዛ፣ የእናቷን ነጠላ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት።

"እኔንም ግለጡኝ!" ትላለች ከውስጥ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ጠጂቱ በክብር፣ ልክ እንደ ሕፃኗ፣ ገለጧት። እሷንም አነሳኋት። ቀኑን ዶሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሲዞር ዋለ፤ እኔ ግን ካሜራውን ከአንገቴ አላወረድኩም።

ሰኞና ከዚያ በኋላ

መመለሻው ቶሎ አለቀ፤ የመልስ መንገድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ይላሉ። አባባ ፍኖተ ሰላም ሲቀሩ ያሉኝ "በደህና ግቢ" ብቻ ነው።

ለጋሽ በየነ ያልነካሁትን መቶ መለስኩላቸው። ክዳኑን ሲከፍቱ የጤፍ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ወደቀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀዝቃዛ ቦታ ነዋ ያሉኝ" አልኳቸው።

ፎቶው ሲደርስ እዚያው ቆሜ አየሁት። ሕፃኗ አለች። የበሰለ ኮክ መስላለች፣ ቀዩ ብርሃን ከውስጧ የሚመጣ ነው የሚመስለው። የከፈተቻት አንድ ዓይን ጥርት ብላ ታያችኋለች። ጤፉም አለ፤ ፊቷ ላይ ሙሉ፣ አባባ እንዳሉት። ከታች በጥግ በኩል ደግሞ ነጭ የጋቢ ጠርዝና፣ ከሱ በላይ ብዥ ያለ አንድ ትልቅ ጆሮ።

"ቀዩን ልቀንስልሽ?" አሉ ጋሽ በየነ። "ይቺንም ጆሮ ቆርጬ አወጣታለሁ፤ ስታነሺ ገብታ ነው።"

"ኧረ ጋሽ በየነ፣ እንዳይነኩት!"

ሁለቱን ፎቶዎች፣ የሕፃኗንና የቤዛን፣ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጠን። አባባ ሲደውሉ እናቴ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ።

"ደረሰን" አሉ። "ጤፉ አለ።"

"አዎ አባባ።"

"ግን ማኛ ነው።"

መሳቅ ጀመርኩ። "ጥጉንስ አዩት?"

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"ጆሮዬ ይሄን ያህል ትልቅ መሆኑን ምነው የነገረኝ ሰው ጠፋ?" አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ተቀይሮ። "ቤዛን ባዶው ላይ ሰቅያታለሁ። ለታናሿ አዲስ እየመታሁ ነው። ቆይ።"

ስልኩን ሳይዘጉት አስቀመጡት። የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አንዴ መታ፤ ሁለተኛው ሳተ፤ እንደገና ሳተ። እጃቸው ነው። "ሰው ያግዝዎት" ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሳሪስ ቆሜ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ምስማሩ እስኪገባ ድረስ ትንፋሼን ያዝኩላቸው።